የ4,200 ፓውንድ አንገት

ወገኖቼ፣ ቀረብ በሉ። ዛሬ የማወጋችሁ ተረት አይደለም፤ የሆነ ነገር ነው። ዘመኑን በፈረንጅ አቆጣጠር እነግራችኋለሁ። ሀገሩ እንግሊዝ፣ ከተማው ለንደን፣ ቀኑ ጁን 27 ቀን 1777 ነው። በእኛ ሀገር ዘመነ መሳፍንት ገና መጀመሩ ነው። በለንደን ዙፋን ላይ የተቀመጠው ጆርጅ ሣልሳዊ ነው።

ከኒውጌት ወህኒ ቤት እስከ ታይበርን መስቀያ ድረስ ያለው መንገድ ከዳር እስከ ዳር በሰው ተሞልቷል። ሰው በመስኮት ተንጠልጥሏል፣ ጣራ ላይ ወጥቷል። ሴቱ ያለቅሳል፣ ወንዱ ባርኔጣውን ያወልቃል። ጥቁር የሐዘን ሠረገላ በሕዝቡ መሐል እየተሳበ ያልፋል። በሠረገላው ውስጥ አንድ ቄስ ተቀምጧል። የሚሰቀለው እሱ ነው።

ምን አደረገ? ሰው ገደለ? አልገደለም። ቤት አቃጠለ? አላቃጠለም። ይህ ቄስ አንድ ወረቀት ላይ የራሱ ያልሆነ ስም ፈረመ። በቃ፣ ይኸው ነው። ለዚህ ነው በገመድ ሊታነቅ የሚሄደው።

አሁን ወደ ኋላ ልመልሳችሁና ከመጀመሪያው እንያዘው።

ዊልያም ዶድ በ1729 ከአንድ የገጠር ቄስ ተወለደ። ልብ በሉልኝ፣ የእንግሊዝ ፓርላማ ፎርጅድ የብድር ሰነድ የሠራ ሰው በሞት ይቀጣ ብሎ ያወጀውም በዚያው በ1729 ነበር። ሕፃኑና ሕጉ እኩያ ናቸው። አብረው አደጉ፤ ለአርባ ስምንት ዓመት ግን አልተገናኙም።

ልጁ ብሩህ ነበር። ኬምብሪጅ ተማረ፣ ቀሰሰ፣ ለንደን ገባ። አንደበቱ ማር ነው። ከሴተኛ አዳሪነት ለመውጣት የሚሹ ሴቶች በሚጠለሉበት በመግደላዊት ቤት ሲሰብክ፣ መኳንንቱና ወይዛዝርቱ በሠረገላ እየመጡ ያዳምጡት፣ እንባቸውንም ያፈሱ ነበር። በ1763 ከንጉሡ ሰባኪዎች አንዱ ሆነ። በጥቂት ገንዘብ ዕዳ የታሰሩ ድሆችን ከወህኒ የሚያስፈታ ማኅበር ሲቋቋም ከፊት ከቆሙት አንዱ እሱ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም።

ግን ዘናጭ ነበር። ሐር ይለብሳል፣ ድግስ ይወዳል፣ ወጪው ከገቢው ቀድሞ ይሮጣል። በ1774 ጥሩ ገቢ ያለው አንድ የለንደን ደብር ባዶ ሆነ። ለሎርድ ቻንስለሩ፣ ለንጉሡ ከፍተኛ ሹም፣ ባለቤት ስም የሌለው ደብዳቤ ደረሳት፤ ደብሩ ለእገሌ ከተሰጠ 3,000 ፓውንድ አለሽ የሚል። ደብዳቤው ሲመረመር ከዶድ ቤት ወጥቶ ተገኘ፤ የጻፈችው ሚስቱ ናት ተባለ። ከንጉሡ ሰባኪዎች መዝገብ ስሙ ተፋቀ። ውርደቱ በዕዳው ላይ ተጨመረ።

አበዳሪዎች በሩን ሲደበድቡ አንድ ሰው ትዝ አለው። ወጣቱ ሎርድ ቼስተርፊልድ ተማሪው ነበር፤ ሀብታም ነው። በፌብሩዋሪ 1777 ዶድ በዚህ ልጅ ስም የ4,200 ፓውንድ የብድር ሰነድ አዘጋጀ። ሎርዱ ጉዳዩ በምስጢር እንዲያዝ ይፈልጋል ብሎ ደላላውን አሳመነ፣ ፊርማውን አስመስሎ ፈረመ፣ ገንዘቡንም ተቀበለ። በኋላ እንደተናገረው፣ ሰነዱ የሚከፈልበት ቀን ሳይደርስ ገንዘቡን ሊመልስ ነበር አሳቡ። ሳሩን አይቶ ገደሉን አላየም።

ያጋለጠው አንድ የቀለም ምልክት ነበር። ጉዳዩን የያዘው ጠበቃ በሰነዱ ላይ ያልተለመደ ነጠብጣብ አየ። ሰነዱ ንጹሕ ይሁን ብሎ አዲስ ቅጂ አስጽፎ፣ እንደገና ይፈርሙልኝ ሲል ሎርዱ ቤት ሄደ። ሎርዱ ወረቀቱን አይቶ ፊርማው የእሱ እንዳልሆነ ተናገረ። ሰዎች ወደ ዶድ ቤት ገሠገሡ። ዶድ አልካደም። ያልጠፋውን ገንዘብ ወዲያው መለሰ፤ ለጎደለው ጥቂትም ዋስትና ሰጠ። ባለገንዘቦቹ ከኪሳቸው የጎደለ ነገር ይህን ያህል አልነበረም። ነገሩ ግን ከከንቲባው ዘንድ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የሚያቆመው አልተገኘም።

ፌብሩዋሪ 22 ቀን በኦልድ ቤይሊ ችሎት ቀረበ። ፍርዱን የሚሰጡት ጁሪዎች፣ አሥራ ሁለት ተራ ዜጎች፣ ጥፋተኛ ነው አሉ። ሌላ ሊሉ አይችሉም፤ ሰውየው አምኗል። ግን እዚያው ላይ ንጉሡ ምሕረት እንዲያደርግለት ለመኑ። እስቲ አስቡት! አጥፍቷል ያሉት ሰዎች ራሳቸው አይሙት አሉ። እጃቸው ከሕጉ ጋር ሆነ፤ ልባቸው ግን ከሕጉ ሸሸ።

ዶድ ወራቱን በኒውጌት ሲቆጥር ከተማው ተነሣ። 23,000 ሰዎች የፈረሙበት አቤቱታ ለንጉሡ ቀረበ። የእንግሊዝኛን ታላቅ መዝገበ ቃላት በ1755 ያሳተመው ሳሙኤል ጆንሰን ዶድን በሕይወቱ ያገኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። እንዲያም ሆኖ ብዕሩን አነሣ። ዶድ በችሎት ፊት የተናገረውን ቃል፣ ለንጉሡና ለንግሥቲቱ የተላኩትን ልመናዎች፣ በወህኒው ጸሎት ቤት ሞት ለተፈረደባቸው እስረኞች የሰበከውን ስብከት ሳይቀር በስውር የጻፈለት ጆንሰን ነው። ጆንሰን ቅጣት ከጥፋት ጋር መመጣጠን አለበት ብሎ መጻፍ ከጀመረ ያኔ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

እዚህ ላይ የሚያሳዝነኝን ነገር ልንገራችሁ። ከዚህ ሁሉ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ አንድ ወንበዴ ዶድንና ሚስቱን መንገድ ላይ አስቁሞ ዘርፏቸው ነበር። ሰውየው ተያዘ፣ ተከሰሰ፣ ተሰቀለ። በዚያው ዘመን አካባቢ ይኸው ዶድ የሞት ቅጣት መብዛቱ ከፍትሕም፣ ከጥበብም፣ ከሃይማኖትም ጋር አይሄድም የሚል ስብከት አሳተመ። አዎ፣ ይኸው ሰው። የዘረፈው ሰው የተሰቀለበት፣ ገመዱ በዝቷል ብሎ የጮኸ ቄስ፣ በመጨረሻ ያንኑ ገመድ በገዛ አንገቱ ለካው። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይላሉ አባቶቻችን። ዶድ ግን ቁናው ሰፊ ነው፣ ይጥበብ ብሎ ነበር። የሰማው አልነበረም።

አሁን የሌላውንም ወገን ቃል ስሙ፤ አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ዳኛ ዳኛ አይደለም። ንጉሡ ለምን አልማረውም? ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት፣ በጃንዋሪ 1776፣ ፔሮ የተባሉ ሁለት መንታ ወንድማማቾች በተመሳሳይ ፎርጅድ ተሰቅለው ነበር። ለአንደኛው፣ ለመድኃኒት ቀማሚው፣ ነጋዴዎችና ባንከኞች ለምነውለት ነበር፤ አልሆነም። ታዲያ ዶድ ከዳነ ፔሮዎቹ በግፍ ተገድለዋል ማለት ነው ተባለ ይባላል። ሕግ ለታዋቂ ቄስ አንድ፣ ለመድኃኒት ቀማሚ ሌላ ሊሆን ነው? ደግሞም እንግሊዝ ያኔ በንግድ የምትኖር ሀገር ናት። ገንዘቡ ወርቅ መሆኑ እየቀረ ወረቀት እየሆነ ነው። ፊርማ ካልታመነ ገበያ የለም። ፎርጅድ የሠራ ሰው የሰረቀው አንዱን ባለገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሀገሩን መተማመን ነው ይሉ ነበር። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። እኔም ዛሬ ስሰማው ቆም ብዬ አስባለሁ።

ነገር ግን ቆም ብዬ ሳስብ ሌላ ጥያቄ ይመጣብኛል። ፔሮዎቹ ላይ የተፈረደው ፍርድ ስሕተት ቢሆንስ? ትናንት የተሠራ ግፍ ዛሬ ሌላ ግፍ እንዲሠራ ማስረጃ ይሆናል? የሞት ቅጣት አንዱ ጣጣ ይህ ነው። አንዴ ከተፈጸመ በኋላ ሕጉ ተሳስቼ ነበር ለማለት አንደበት ያጣል። ያለፈውን ለማጽደቅ ሲል መጪውን ይገድላል።

ወደ ታይበርን እንመለስ። በዚያ ቀን የተሰቀለው ዶድ ብቻ አልነበረም። ጆሴፍ ሃሪስ የሚባል ገና ጢም ያላበቀለ ልጅም ነበር። ጥፋቱ የመንገደኞች ሠረገላ አስቁሞ ሁለት ግማሽ ጊኒና ጥቂት ሽልንግ መቀማቱ ነው። ሁለት ግማሽ ጊኒ ማለት ከአንድ ፓውንድ እምብዛም የማይበልጥ ገንዘብ ነው። የ4,200 ፓውንዱ ሰውና የአንድ ፓውንዱ ልጅ በአንድ ግንድ ላይ ዋሉ። ሕዝቡ ያየው ቄሱን ነው፤ የጻፉትም የጻፉት ስለ ቄሱ ነው። ልጁን ልብ ያለው ጥቂት ነው። ዛሬ ግን እኛ እንበለው፦ ጆሴፍ ሃሪስ፣ ነፍስህን ይማር። የሰውን ነፍስ አላጠፋህም፤ ያንተ ግን ጠፋች።

ከስቅላቱ በኋላ የዶድ ወዳጆች አስከሬኑን ወስደው ሐኪም ነፍሱን ሊመልስ ሞከረ ይባላል። አልተመለሰም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ሐዘን ብቻ በሆነ። አላበቃም።

በ1688 በእንግሊዝ በሞት የሚያስቀጡ ጥፋቶች 50 ገደማ ነበሩ። ከመቶ ዓመት ትንሽ በኋላ ከ200 በላይ ሆኑ። በግ መስረቅ ያስገድላል። የሰው ዛፍ መቁረጥ ያስገድላል። ፊትን አጥቁሮ በጫካ መገኘት ያስገድላል። ከሱቅ 5 ሽልንግ የሚያወጣ ዕቃ መስረቅ፣ ከመኖሪያ ቤት 40 ሽልንግ የሚያወጣ መስረቅ ያስገድላል። እንግሊዞች ራሳቸው በኋላ ይህን የሕግ ክምር የደም ሕግ ብለው ጠሩት።

ታዲያ ሌባ ጠፋ? አልጠፋም። የጠፋው እውነት ነው። እንዴት መሰላችሁ? ሕጉ 40 ሽልንግ የሰረቀ ይሙት ሲል፣ ጁሪው በዳኛው ፊት ቆሞ የተሰረቀው ዕቃ 39 ሽልንግ ያወጣል ይላል። ዕቃው አሥር ፓውንድ ቢያወጣም 39 ሽልንግ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጁን ጭኖ የማለ ሰው፣ ጎረቤቱን ከገመድ ለማዳን ሲል ይዋሻል። በ1827 ወሰኑ ወደ 5 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 100 ሽልንግ ከፍ ሲል፣ የዕቃው ዋጋም አብሮ ከፍ አለና 99 ሽልንግ ሆነ! ሕጉ በዘረጋ ቁጥር የሰው ልብ አንድ ሽልንግ ይሸሸዋል።

የተሰረቀውም ሰው ዝም ማለት ጀመረ። ባለሱቁ ለአንድ ጥቅልል ጨርቅ ሲል የአንዲት እናት ነፍስ በእጁ እንዲሆን አይፈልግም፤ አይከስም። ሌባው ያለ ምንም ቅጣት ይሄዳል። በ1811 ጨርቅ የሚያነጡ ባለፋብሪካዎች ለፓርላማ አመለከቱ፦ ከማስጫው ላይ ጨርቅ የሚሰርቅብን ሰው በሞት መቀጣቱ ይቅርልን፤ በሞት ምክንያት የሚከስና የሚፈርድ ስለጠፋ ንብረታችን ተዘረፈ አሉ። ቀረላቸው።

ሳሙኤል ሮሚሊ የሚባል የሕግ ሰው ነበረ። ዕድሜውን ለዚህ ነገር ሰጠ። በ1808 ኪስ አውላቂን የሚያስገድለውን ሕግ አሰረዘ። በ1810 ደግሞ ከሱቅ 5 ሽልንግ የሰረቀ አይሙት የሚል ረቂቅ አቀረበ። የሕዝብ እንደራሴዎቹ ተቀበሉት። ወደ መኳንንቱ ምክር ቤት ሲሻገር ግን ጠቅላይ ዳኛው ሎርድ ኤለንቦሮ ተነሥቶ ይህ ሕግ ከተነካ የማንም ንብረት አስተማማኝ አይሆንም ብሎ ተከራከረ። ረቂቁ ወደቀ። ይውደቅ ብለው ድምፅ ከሰጡት መሐል ሰባት ጳጳሳት ነበሩ። ለ5 ሽልንግ የሰው ነፍስ ይጥፋ ያሉት የነፍስ እረኞች ናቸው። ሮሚሊ ድካሙ ሲሠምር ሳያይ በ1818 ሞተ።

ስለ ፎርጅዱስ? ከ1797 ጀምሮ የእንግሊዝ ባንክ ትንንሽ የወረቀት ገንዘብ አወጣ። ለመሥራትም ለማስመሰልም ቀላል ነበር። እስከ 1821 ድረስ በፎርጅድ ገንዘብ ምክንያት ከ300 በላይ ሰዎች ተሰቀሉ። ብዙዎቹ አታሚዎቹ አልነበሩም፤ ወረቀቱን ገበያ ላይ የመነዘሩ ድሆች እንጂ። ፎርጅዱ ግን አልቆመም። በመጨረሻም በ1830 ምን ሆነ መሰላችሁ? ከ200 በላይ ከሆኑ ከተሞች የተውጣጡ ባንከኞች ፈርመው ለፓርላማ አመለከቱ። የፎርጅድ ቅጣት ሞት መሆኑ ይቅር፤ ሰው ይገደላል ተብሎ የሚከስ፣ የሚመሰክር፣ የሚፈርድ አጥተናል፤ ቀለል ያለ ግን የማይቀር ቅጣት ይበልጥ ይጠብቀናል አሉ። ገመዱ የተሠራው ለእነሱ ገንዘብ ነበር። ዶድም የሞተው ለእነሱ ወረቀት ነበር። እነሱው ራሳቸው መጥተው ገመዱን ፍቱልን አሉ። በ1832 ለአብዛኛው ፎርጅድ፣ በ1837 ደግሞ ሙሉ በሙሉ የሞት ቅጣቱ ቀረ። ባንኮቹም አልፈረሱም፤ የለንደን ገበያም አልተዘጋም።

አንዳንዶቻችሁ ስለ ወረቀትና ስለ ጨርቅ ትነግረናለህ፤ ሕፃን ስለሚደፍር አውሬ ምን ትላለህ እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ፣ እሱ ነው ከባዱ። እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ እኔም ደሜ ይፈላል። ግን ቶማስ ሞር የሚባል ሌላ እንግሊዛዊ ገና በ1516 ያሰፈረውን አሳብ አዳምጡ። ሌባና ነፍሰ ገዳይ እኩል የሚቀጡ ከሆነ፣ ሌባው የዘረፈውን ሰው በሕይወት ለምን ይተዋል? ቢገድለው ቅጣቱ አይጨምርም፤ ምስክሩ ግን ይጠፋል። ይህን በሕፃኗ ላይ አስቡት። ደፋሪው ብትሞትም ብትተርፍም የሚጠብቀው ያው ሞት ከሆነ፣ ሕጉ ለእሷ ምን ጋሻ ተወላት? ደፋሪውስ አጎት፣ የእንጀራ አባት፣ የቤት ሰው ሲሆን፣ እናት የገዛ ዘመዷን ለገመድ አሳልፋ ላለመስጠት ስትል ልጅቷን ዝም አታሰኛትም? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2008 ሕፃን የደፈረ ሰው ሕፃኗ እስካልሞተች ድረስ በሞት እንዳይቀጣ በ5 ለ4 ድምፅ ሲወስን ከመዘናቸው ነገሮች እነዚህም ይገኙበታል። በዚያች ሀገር ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። ከ1930 ወዲህ በአስገድዶ መድፈር በሞት ከተቀጡት 455 ሰዎች 405ቱ ጥቁሮች ነበሩ። ጥፋቱ የሁሉም ዘር ነው፤ ገመዱ ግን ቀለም መረጠ።

ይህ ያለፈ ነገር፣ የሩቅ ሀገር ነገር አይደለም። ሳውዲ አረቢያ በአደንዛዥ ዕፅ ወንጀል ትገድላለች። በ2021 አቁሜያለሁ ብላ በኖቬምበር 2022 ቀጠለች። አምነስቲ ኢንተርናሽናል እንደመዘገበው ከ2014 እስከ 2025 አጋማሽ ድረስ በዚህ ወንጀል የተገደሉት ወደ 600 ይጠጋሉ፤ አብዛኞቹ የውጭ ሀገር ሰዎች ናቸው። ሞታቸውን ከሚጠብቁት መሐል በየመን በኩል እንጀራ ፍለጋ የተሻገሩ የእኛው ልጆች አሉ። ቋንቋውን የማያውቅ፣ ጠበቃ የሌለው፣ የሰው ሸክም ተሸክሞ ድንበር የተሻገረ ልጅ! የዕፁ ባለቤት ግን በሰላም ያድራል። ጆሴፍ ሃሪስ አልሞተም ወገኖቼ፤ ስሙን ቀይሮ አሁንም እስር ቤት ተቀምጧል።

በሀገራችንም፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ስልሳ ሰዎች ያለ ፍርድ በአንድ ሌሊት ሲረሸኑ፣ ተጠያቂ የተባሉበት ብዙው ነገር በሥልጣን መባለግና በደል ነበር። መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ሥራውን እየሠራ ነበር፤ ጥይቱ ቀደመው። ዛሬም የወንጀል ሕጋችን ከነፍስ ግድያ ውጭ ባሉ አንዳንድ ወንጀሎች የሞት ቅጣት ይፈቅዳል፤ ርእሰ ብሔሩ ሳያጸድቀው ግን አይፈጸምም። በ1999 ዓ.ም. ከተፈጸመው አንድ ፍርድ ወዲህ አልተፈጸመም፤ እሱም ነፍስ በማጥፋት የተፈረደ ነበር። ስለዚህ ገመዱ በመደርደሪያው ላይ አለ፤ እጃችን አልነካውም። አለመነካቱ ብቻውን ግን አይበቃኝም። በመደርደሪያ ላይ ያለ ገመድ የሚያነሣው ቀን አያጣም።

ነፍስ ያጠፋ በነፍሱ ይከፈል ወይስ አይከፈል የሚለው የቆየ ክርክር ነው፤ ለብቻው ሌላ ምሽት ይፈልጋል። ነፍስ ላልጠፋበት ጥፋት ግን የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ አይገባም። ሌባው ይመልስ፣ ይታሰር። ፎርጅድ የሠራ ይታሰር። ደፋሪው ዕድሜውን ሙሉ ከሰው ይለይ። በሥልጣኑ የባለገ በችሎት ይዋረድ። ቅጣቱ የማይቀር ይሁን፤ ከጥፋቱ ግን አይብለጥ። ሚዛን በአንድ ወገን ድንጋይ ከተጨመረበት የሚዋሸው ነጋዴው ብቻ አይደለም፤ ሚዛኑ ራሱ ነው።

አባቶቻችን ሁለት ሰው ሲጣላ መሐል ገብተው አንድ ቃል ይሉ ነበር፦ በሕግ አምላክ። ያን ቃል የሰማ የተነሣውን ዱላ ያወርዳል። ሕግ በእኛ ዘንድ ከጥንትም የተነሣን እጅ የሚያወርድ ነገር ነበር። እኔም ዛሬ ገመዱን ለያዘው እጅ ያንኑ እላለሁ፤ እናንተም አብራችሁኝ በሉ።

በሕግ አምላክ!